ግማሽ በር

ሱሩር ልጅ ሥራ እየለመደ ማደግ አለበት ብሎ አጥብቆ የሚያምን ሰው ነበር። የሰው ልጅ ማለቱ ነው። የራሱን ልጅ በተመለከተ እምነቱ ሌላ ነበር፤ እሱን በኋላ እንደርስበታለን።

ሰበታ ላይ ሱሩርን የማያውቅ ሰው ካለ ሻዩን ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው ነው። ሱቁ ከጅማው መንገድ ገባ ብሎ፣ የሚኒባስ ረዳቶች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ከሚጣሩበት ፌርማታ ጀርባ ነው። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ መኮሮኒው፣ የልብስ ሳሙናው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ያ አጭር ሰውዬ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ከስልጤ አገር የመጣው ገና ጥርሱን ሳይነቅል ነው። አጎቱ ሱቅ ውስጥ ባንኮኒ ላይ እየተኛ፣ የአጎቱን እግር እያጠበ፣ የተረፈውን እየበላ አደገ። አንድ ቀን ስኳር ሲመዝን እጁ ተንሸራቶ ቢደፋበት አጎቱ የሚዛኑን ድንጋይ አንስቶ ወረወረበት፤ ከቅንድቡ በላይ ያረፈበት ቦታ እስከ ዛሬ ጎድጉዶ ይታያል። ሌላ ሰው ቢሆን ያችን ጠባሳ በቆብ ይሸፍናት ነበር። ሱሩር ግን ቆቡን ወደኋላ ገፋ አድርጎ በጣቱ እየነካካት «ሰው ያደረገችኝ ይቺ ናት» ይላል። መከራ ካለፈ በኋላ ሲያወሩት ይጣፍጣል። ክፋቱ ያንኑ ለሌላ ልጅ ማቅመስ ማሰኘቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ የሱቁ በረንዳ ሸንጎ ይሆናል። የሸንጎው ዋና ተከራካሪ ገብረየስ ነበር፤ ከጎንደር መጥቶ ሰበታ ላይ የከበደ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ውስጥ ፀጉሩን የጨረሰ ሰው። ገብረየስ የተማሪ ሥራው ትምህርት ነው ባይ ነው። ግማሽ ቀን የተማረና ግማሽ ቀን የሠራ ልጅ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል ይላል፤ ለማሳረጊያውም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ይደመድማል። ሱሩር ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ጠዋት ተምሮ ከሰዓት መንገድ ለመንገድ የሚንዘላዘለውን ጎረምሳ ሁሉ በጣቱ እየቆጠረ፣ ይሄ ሁሉ ሱቅ ቢገባ፣ ጋራዥ ቢገባ፣ ወፍጮ ቤት ቢገባ አገር በተቃና ነበር ብሎ ይሟገታል። የራሱ ተረትም ነበረችው። «ሥራ ያልያዘ እጅ ድንጋይ ይይዛል» ይላል።

አንድ ቀን ገብረየስ ፈገግ ብሎ «ልጅህ አክመልስ?» አለው።

«አክመልማ ይማራል» አለ ሱሩር፣ ጥያቄው ራሱ እንግዳ ሆኖበት። በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን ያሳቃቸው ነገር አልገባውም።

ደጊቱ ሱቁ የገባችው በዚህ ፍልስፍና ነው። አሥረኛ ክፍል ነበረች፣ የጠዋት ፈረቃ። አባቷ ኦቦ ደቻሳ ፉሪ ላይ ጤፍ የሚዘራበት መሬት ነበረው፤ ዛሬ እዚያ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች አጥር አጥረው ይኖራሉ፣ እሱ ደግሞ የአንድ ሲሚንቶ መጋዘን ዘበኛ ሆኗል። ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ላስተምርሽ አልችልም ብሏት ነበር። ተፍኪ ያለችው አክስቷ አንድ ሚስቱ የሞተችበት፣ በሬም ላምም ያለው ሰው አግኝታላት ነበርና ነገሩ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ደጊቱ አለቀሰች፣ አልበላም አለች፣ የአባቷን ጉልበት ያዘች። በመጨረሻ የልብሷን፣ የደብተሯን፣ የሚያስፈልጋትን ሁሉ ራሷ ከቻለች ትማር ተባለ። ስለዚህ ሱቁ ካለ ትምህርት አለ፤ ሱቁ ከሌለ ተፍኪ።

ይህን ሁሉ ለሱሩር የነገረው ራሱ ኦቦ ደቻሳ ነው። አደራ ሲል ነው የነገረው። ሱሩር የሰማው ግን ልጅቷ ሌላ መሄጃ የላትም የሚለውን ብቻ ነበር።

ልጅቷ ሠራተኛ ወጣት። ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ደረቅ ዳቦ እየገመጠች። ትጠርጋለች፣ ትመዝናለች፣ ካርቶን ተሸክማ መሰላል ትወጣለች፤ ከገጠር የሚመጣውን ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣውን በአማርኛ ታስተናግዳለች። ሱሩር አይማታም። አለመማታቱን ትልቅ ቸርነት አድርጎ ይቆጥረው ነበር፤ አጎቱን አስቦ ራሱን ሲያይ መልአክ መስሎ ይታየዋል። ስሟን ግን አንድ ቀን ጠርቶት አያውቅም። «አንቺ ልጅ» ነው የሚላት። ሚስቱ ሰብሪያም «ልጅቷ» ትላታለች። ከዚያ ቤት በስሟ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ አክመል፤ እሱም አሳጥሮ «ደጊ» ይላታል።

አክመል እኩያዋ ነው። አዲስ አበባ ድረስ በሰርቪስ እየተመላለሰ በግል ትምህርት ቤት ይማራል፤ ከሰዓት በኋላ አስጠኚ ቤት ድረስ ይመጣለታል። አባቱ አንድ ኪሎ ጨው እንኳ አሸክሞት አያውቅም፣ እጁ ይሻክራል ብሎ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ሱቁ ብቅ ብሎ ከስኳሩ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ከደጊቱ ጋር ይስቃል፣ ቸኮሌትና የስልክ ካርድ ይወስዳል፣ አባቱ ሲጠይቅ ደጊቱ አይጥ ላይ ታላክካለች። አይጥ የስልክ ካርድ ምን ያደርግላታል ብሎ የጠየቀ የለም። አክመልን አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበው ነበር፤ የሰፈር ልጆች «የነጋዴ ልጅ» ብለው ከመሀላቸው ሲያወጡት። ሰበታ ተወልዶ፣ ሰበታ አድጎ፣ ኦሮምኛውን ከአባቱ ስልጢኛ አስበልጦ እየተናገረ፣ ኳስ ላይ እንኳ መጨረሻ የሚመረጠው እሱ ነበር።

በሁለት ሺህ ስምንት ኅዳር ላይ ነገሩ ተቀጣጠለ። አዲስ አበባ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልትውጥ ነው፣ ማስተር ፕላኑ ተሠርቶ አልቋል ተባለ። ተማሪው ከክፍል ወጣ፣ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ። ተኩስ ነበር፣ ለቅሶም ነበር። ያ ሁሉ ሲሆን ሱቆች ይዘጉ የሚል አድማ ተጠራ።

እዚህ ላይ የሰበታ ነጋዴ መከራ ይጀምራል። ከከፈተ ልጆቹ በድንጋይ ይመጡበታል። ከዘጋ ደግሞ ሹማምንቱ መጥተው አድመኛ ነህ ብለው ሱቁን ያሽጉታል፣ ፈቃዱንም ይነጥቁታል። ነጋዴ ደግሞ ከሁለት ክፉ አንዱን ምረጥ ሲባል ሦስተኛ የሚፈልግ ፍጡር ነው። የሱቆቹ በር ባለ ሁለት መዝጊያ ላሜራ ነው፤ አንዱን መዝጊያ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ሌላውን ገርበብ ማድረግ ተለመደ። ግማሽ በር አሉት። ሹሙ ሲያልፍ «ከፍተናል ጌታዬ» ይባላል፤ ልጆቹ ሲያልፉ «ኧረ ዘግተናል፣ ዕቃ ልናወጣ ነው» ይባላል። ይህን ለማለት ግን ግማሹ በር ላይ ሁለት አፍ ያለው ሰው መቀመጥ አለበት። አንዳንዱ አሮጊት እናቱን አስቀመጠ። አንዳንዱ ራሱ ተቀመጠ። ሱሩር ደጊቱን አስቀመጠ።

ሰብሪያ ማታ ቤት ውስጥ ጉዳዩን አነሳችው። ልጅቷን እዚያ ከመጎለት ራሱ ቢቀመጥ ምን አለበት ነው ያለችው። እሱ ነጋዴ ነው፣ ይጠሉታል፣ እሷ ግን የራሳቸው ልጅ ናት፣ የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፣ አይነኳትም ብሎ አስረዳት። ነገሩን አሳምሮ ያሰበበት ነበር።

«እንዲያ ከሆነ አክመልን አስቀምጠው» አለችው። «ኦሮምኛ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ጓደኞቹም እነሱው ናቸው።»

ሱሩር እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አለ። አክመል ፈተና አለበት፣ አክመል ሳል ይዞታል፣ አክመል እንዲህ ያለ ነገር አይችልም። ሰብሪያ ነገሩን ተወችው። እሷም እናት ናት፤ የአክመል እናት።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ሲያልፉ ደጊቱን ሰላም ብለዋት አለፉ። በሁለተኛው ቀን አንዱ የክፍል ጓደኛዋ ጠጋ ብሎ «ማሎ ደጊ፣ ጩፊ» አላት፤ እባክሽ ዝጊው ማለቱ ነው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ልመና ነበር እንጂ። ልጆቹ ካለፉ በኋላ ደጊቱ ወደ ውስጥ ገብታ ለሱሩር ነገረችው። ዝጊ እያሉኝ ነው፣ ፈርቻለሁ፣ ዛሬ እንኳ እንዝጋው አለችው።

ሱሩር ስኳር እየመዘነ ነበር። ቀና አላለም።

«ዛሬ ከዘጋን ነገ ያሽጉታል። ከታሸገ ለኔም እንጀራ የለም፣ ላንቺም ሥራ የለም» አላት። ከረጢቱን አስሮ እስኪጨርስ ቆየና በቀስታ «ተፍኪ ሩቅ አይደለም» ብሎ ጨመረበት።

ደጊቱ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ሰውዬው አልጮኸባትም፣ አልሰደባትም፣ እጁንም አላነሳባትም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ለጥቂት ቀን ሲከፈት ጠረጴዛ የምትጋራት ልጅ ደብተሯን ሰብስባ ሌላ ቦታ ሄደች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ገንቱ» ተብሎ ተጽፎ ቆያት፤ ከሃዲ ማለት ነው። ማን እንደሆነች መጻፍ አላስፈለጋቸውም። ደጊቱ ይህን ለሱሩር አልነገረችም፤ ምን ሊላት እንደሚችል አውቃዋለች። ለአክመል ነገረችው። አክመል ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ አቀርቅሮ ሰማትና፣ አይዞሽ፣ ያልፋል፣ አለ። የዚያን ዕለት ቸኮሌት አልወሰደም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከዓለምገና በኩል የጎማ ጭስ ይታያል፣ አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ የለም፣ ከማዕዘኑ ዞር ብሎ ፖሊሶች ቆመዋል። ደጊቱ ግማሹ በር ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ሱሩር ከተዘጋው መዝጊያ ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ማጠፊያው አጠገብ ካለው ስንጥቅ ላይ ለጥፏል። አድማው ከተጀመረ ወዲህ ውሎው እዚያ ነበር። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፤ መሀላቸው አንድ ላሜራ።

ከታች ሰፈር የሚመጡ ልጆች ድምፅ ተሰማ። ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነዋል። ከሱቁ ፊት ለፊት ሲደርሱ ቆሙና አንዱን ከመሀላቸው እየገፉ ወደ ፊት አወጡት። የአባትህ ሱቅ አይደል፣ እስቲ ከኛ ጋር መሆንህን አሳየን ይሉታል፣ በኦሮምኛ። ሱሩር ኦሮምኛው ለገበያ የሚበቃ ነው፤ ይህን ግን ሰማ። ቀድሞ ያወቀው ጫማውን ነበር። ለኢድ ከመርካቶ ራሱ መርጦ የገዛለት፣ ሶሉ ነጭ የሆነ ሰማያዊ ጫማ። ከዚያ ትከሻውን አወቀው፣ ከዚያ የአቋቋሙን ነገር። አክመል እጁ ላይ ድንጋይ ይዟል።

«አክ...» ብሎ ሱሩር አፉን ከፈተ።

እዚያው ገታው። ፖሊሶቹ ማዕዘኑ ላይ ናቸው። ስሙ ከተጠራ ልጁ ይያዛል፤ የተያዘ ልጅ ደግሞ ያን ሰሞን ወዴት እንደሚወሰድ የሚያውቅ አልነበረም። ከራስ በላይ ነፋስ። ሱሩር ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ።

ደጊቱም አውቃዋለች። ያወቀችው እንዴት እንደሆነ ሱሩር በስንጥቁ አየ፤ እስከዚያች ደቂቃ ተሸማቆ የነበረው ትከሻዋ ለቀቅ አለ፣ ፊቷን ልትከልል ያነሳችውን እጅ ጭኗ ላይ መለሰችው። ፈገግም ብላ ነበር። አክመል ነው፣ አክመል እኔ ላይ አይወረውርም ብላ ነው። እውነቷን ነበር። ልጁ ኋላ ለእናቱ እያለቀሰ እንደተናገረው ያነጣጠረው ላሜራውን ነበር፤ ይጮኻል፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ብሎ ነው። ግን በሕይወቱ ምንም ነገር አንስቶ የማያውቅ ክንድ ምን ያነጣጥራል?

ሱሩር የላሜራውን ጩኸት ጠበቀ። ላሜራው አልጮኸም።

ልጆቹ ተበታትነው ሮጡ። ሱሩር ወጥቶ ልጅቷን ብብቷን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታትና የቀረውን መዝጊያ ዘጋው። ሁለቱም መዝጊያ የተዘጋው ያኔ ነው። ደጊቱ ሁለት እጇን ግራ ዓይኗ ላይ ጭና «አላየኝም፣ አላየኝም» ትላለች። ማን እንዳላያት አልጠየቃትም። በባጃጅ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ አዲስ አበባ ወሰዷት። ዓይኗን ማትረፍ አልተቻለም፤ ወጣ።

ወጪውን እስከ መጨረሻው ሱሩር ሸፈነ። አይካድም፣ ሸፈነ። ሰበታም አጨበጨበችለት። የሰው ልጅ እንደ ራሱ ልጅ አሳከመ ተባለ። ገብረየስ በረንዳው ላይ ተነስቶ ትከሻውን ሳመው፤ ሰው መሆንህን አሳየኸን አለው። ኦቦ ደቻሳ ከሌሊት ጥበቃው በቀጥታ መጥቶ፣ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ረቢ ሲ ሃ ኤቢሱ» ብሎ መረቀው። ሱሩር አሜን አለ። ከሁሉ የሚገርመው ምስጋናው ደስ ይለው ነበር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገምለት እውነት እየመሰለው ሄደ።

ፖሊስ ማን እንደወረወረ ሲጠይቅ ሱሩር ፊታቸው ተሸፍኖ ነበር አለ። ደጊቱም ፊታቸው ተሸፍኖ ነበር አለች። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ያን ሰሞን ወርቁ ለማን እንደገባ ግልጽ ነው።

አክመል ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን ለእናቱ ተናዘዘ፤ ሰብሪያ ወደ ባሏ መጥታ ገና አፏን ስትከፍት እጁን አንስቶ አስቆማት። አልሰማሁም፣ አንቺም አልሰማሽም አላት። ከዚያ አስጠኚውን አሰናበተና ልጁን ከሰዓት በኋላ ሱቅ አስገባው። ዓይኑ ሥር እንዲሆንለት ነው። በረንዳው ላይ ግን ነገሩን በፍልስፍናው ነበር ያቀረበው። ገብረየስ፣ በስንት ጊዜህ ልጅህን ሥራ አስለመድከው ቢለው፣ «ልጅ ሥራ መልመድ አለበት፤ ሥራ ያልያዘ እጅ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተነስቶ ዘይት ሊቀዳ ገባ።

አክመል የደጊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ደጊቱ ፋሻው ሲፈታላት፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ሥራዋን ልትቀጥል መጣች። ሱሩር ከጓዳ አልወጣም፤ መልሱን በሰብሪያ ላከ። ለጊዜው ሰው ሞልቷል፣ ገበያውም ቀዝቅዟል፣ ሲሻል እንጠራሻለን ተባለች። ስኳርና ዘይት በፌስታል ተቋጥሮ ተሰጣት። አክመል ቀና ብሎ አላያትም፣ ሚዛኑን በጨርቅ ሲወለውል ቆየ፤ ደጊቱ ፌስታሉን ይዛ ወጣች። ለሁለት ልጅ የሚሆን ሥራ ቤቱ ውስጥ ጠፍቶ አልነበረም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የሚችል ዓይን ነው የጠፋው።

እስከ ሰኔ እንዲሁ ተንገዳገደች። የአሥረኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ላይ ግማሽ ገጽ ሳታነብ ራስ ምታቱ ይይዛታል፣ መስመሩ ይደራረብባታል። ሁለተኛውን ቀን ሳትፈተን ቀረች። ኦቦ ደቻሳ አልተቆጣም፣ አልፈረደባትምም። ለአክስቷ ብቻ መልእክት ላከ። በሬና ላም ያለው ሰውዬ ግን እስከዚያ አልቆየም፤ አንድ ዓይና ምን ይሠራልኛል ብሎ ሌላ አግብቷል። አክስቷ ለከብቶቿና ለልጆቿ ሰው ያስፈልጋት ስለነበር ትምጣ አለች።

ክረምቱ ገብቶ ነሐሴ ላይ እንደገና አድማ ተጠራ። ነጋዴው ሁሉ እንደ ልማዱ ግማሽ በሩን አዘጋጀ። ሱሩርም አንደኛውን መዝጊያ ዘጋ፤ ሁለተኛውን ገርበብ አደረገና በርጩማውን አየው። አክመል፣ እንደለመደው፣ ሊቀመጥ መጣ። ሱሩር የልጁን ፊት አየ፣ መንገዱን አየ፣ ወደ ታች ሰፈር አሻግሮ አየ። ከዚያ በርጩማውን በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋው፤ ሁለቱንም መዝጊያ ጠርቅሞ ከላይና ከታች ቁልፍ መታበት።

ገብረየስ ሲያልፍ ደነገጠ። ያሽጉታል እኮ አለው።

«ያሽጉት» አለ ሱሩር። በቃ ይኸው ነው። አንድ ቃል ነበር ለካ የሚበቃው።

አሸጉትም። በማግስቱ መጥተው ሁለቱ መዝጊያ በሚገናኝበት ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉበት። ሰማይ አልተደፋም። ሱሩር በረንዳው ላይ፣ የታሸገ በሩን ተደግፎ መዋል ጀመረ፤ ልጁም ቤት ውስጥ፣ አራት ግድግዳ መሀል፣ በሰላም ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አድማው ላላ ብሎ ሚኒባሶች መታየት ሲጀምሩ ደጊቱ መጣች። ነጠላዋን በግራ በኩል ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋዋለች፤ እጇ ላይ ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ አለ። አባቷ ፌርማታው ላይ ፍራሽ ተሸክሞ ይታያል። ሱሩር ሲያያት ሊነሳ ቃጣውና መልሶ ተቀመጠ። እንደምን ዋሉ አለችው። አልሐምዱሊላህ አላት፤ ጤናዋን ጠየቃት፣ የአባቷን ጠየቃት፣ የዝናቡንም ነገር አነሳ። ደጊቱ የታሸገውን በር ቆማ አየችው።

«ሙሉውን ዘጉት ጋሼ» አለች።

«ጊዜው ነው። ምን ላድርግ?»

«ይቻል ነበር ማለት ነው» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ነገር እንደገባው ሰው ነው ያለችው። ሱሩር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ደጊቱ ራሷን ነቀነቀች።

«ለሱ አይደለም የመጣሁት ጋሼ። ልሄድ ስለሆነ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው» አለች። መንገደኛ እስኪያልፍ ጠበቀች። «ያን ቀን ከመዝጊያው ጀርባ ‹አክ› ሲሉ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ አጠገብ ነበሩ።»

የሱሩር እጅ ሳያስበው ወደ ግንባሩ ሄዶ ጠባሳው ላይ ቆመ።

«ልጅዎ ነው» አለች። «ይይዙብኛል ብለው ነው። አባቴም ቢሆን እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። የሱን ስም መጥራት ቢከብድዎ ግን የኔን መጥራት ምን ከለከለዎት? አንዴ ‹ደጊቱ› ቢሉኝ ዞር እል ነበር።»

ሱሩር ስንት ወር ከራሱ ጋር ሲሟገት ከርሟል። ሌሊት ሲባንን ዓይኗን በአንድ በኩል፣ የልጁን ስም በሌላ በኩል አድርጎ ይመዝናል፤ ማንም አባት ያን ስም አይጠራም ብሎ ይፈርድና ወደ እንቅልፉ ይመለሳል። ሌላ ስም መኖሩ ግን ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲህም፣ አንዴ እንኳ ትዝ ብሎት አያውቅም። የደጊቱን ስም ቢጠራ ፖሊስ ቢሰማም ግድ አይሰጠውም፣ አክመል አይያዝም፣ ምንም አይጎድልም ነበር። ከአፉ የሚወጣ አንድ ቃል ነበር፣ በነፃ።

መልስ እየጠበቀች ቆመች። የደረቀ ከንፈሩን አላቀቀ፣ ሊላት የሚገባውን ፈለገ፣ አንደበቱም የለመደውን አነሳለት።

«አንቺ ልጅ...» አለ።

ደጊቱ ቀሪውን ለመስማት ትንሽ ቆየች። ቀሪ አልነበረውም። ከፌርማታው ረዳቱ ተፍኪ፣ ተፍኪ፣ አንድ ሰው የቀረው እያለ ይጣራል። ነጠላዋን አስተካክላ ደህና ይዋሉ አለችውና ወደ አባቷ ሄደች፤ ሚኒባሱም ሞላና ተነሳ።